የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ዘይት ይተፋል፣ ሲል ሁለቴ አስቀይሬ አሁንም ያው ነው (ላንድክሩዘር 78)

ባለሃርድቶፕ፣ አርባ ምንጭ
ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው ዛሬ ግን ግራ ገብቶኝ ነው የጻፍኩት። መኪናዋ ላንድክሩዘር 78 ሃርድቶፕ ነች፣ ዋን ኤችዜድ ሞተር፣ የ2003 ሞዴል በፈረንጅ፣ ከአንድ ድርጅት በጨረታ የወጣች። ስራዋ ቱሪስት ነው፣ ኮንሶ ጂንካ ቱርሚ ኦሞራቴ እያልን ነው የምንከርመው።

ችግሩ የፊት ግራ ጎማ ነው። ከውስጥ በኩል ቸርኬው ላይ ጥቁር ነገር ይረጫል፣ ጠዋት ስነሳ ጎማው ስር የሳንቲም ያህል ጠብታ አገኛለሁ። መጀመሪያ ጋራዥ ስወስዳት "ሲል ነው" (ዘይት የሚገታው ክብ ላስቲክ መሆኑ ነው) ብለው ቀየሩልኝ ሶስት ሳምንት አልቆየም። ከዛ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት "የቀየሩልህ ቻይና ነው" አሉና ኦርጅናል ብለው ሌላ አስገቡ፣ እሱም ሁለት ወር ሳይሞላው ይኸው። አሁን ደሞ ብሶበት ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትስባለች፣ ትናንት ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቁልቁለቱን ስወርድ ከኋላ አራት ሰው ጭኜ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ በጸሎት ነው የወረድኩት። ለሶስተኛ ጊዜ ሲል ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ብዬ ነው።

ናፍታ በጠዋት፣ አዲስ አበባ
ሰኞ ከምሽቱ 3፡05

ወንድም የትኛውን ሲል ነው የቀየሩልህ? እዛ ቦታ ላይ ሶስት አይነት አለ እኮ፣ "ሲል" ብቻ ብለው ከነገሩህ ምንም አልነገሩህም ማለት ነው። ሌላው ነገር ያንን ጥቁር ነገር በጣትህ ነክተህ አሽትተው። እውነቴን ነው አትሳቅ፣ አሽትተህ ንገረኝ።

ጎሚስታው
ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

አቦ አታካብዱ ላብ ነው እሱ። መኪናም ያልበዋል። የኔ 75 እንደዛ እያደረገች ዘይት እየጨመርኩ ሁለት አመት ነድቻታለሁ፣ ንዳ ዝም ብለህ

ባለሃርድቶፕ
ሰኞ ከምሽቱ 4፡10

በባትሪ ወጥቼ አሸተትኩት፣ ሚስቴ "ጤነኛ ነህ" አለችኝ ሃሃሃ። የክብሪት አይነት ሽታ አለው። እጅ ላይ ደሞ ተልባ ነው የሚመስለው፣ ግሪስ እንዳትለው ይፈሳል ዘይት እንዳትለው ይዝለገለጋል። የትኛው ሲል ላልከኝ እኔ ምን አውቃለሁ፣ "ሲል" ብለው ነው ያስከፈሉኝ። ሁለቱም ጋራዥ አንድ ሁለት ሰዓት ነው የፈጀባቸው፣ እኔ ማዶ ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ ጨርሰው ነው ያገኘኋቸው።

ናፍታ በጠዋት
ሰኞ ከምሽቱ 4፡25

ክብሪት ከሸተተ የዲፍረንሻል ዘይት ነው፣ ውስጡ ድኝ ስላለበት ነው እንደዛ የሚሸተው። የፍሬን ዘይት ቢሆን ቀጭን ነው፣ ማጠራቀሚያውም ጎድሎ ታየዋለህ። አንተ ጋ ግን የዲፍረንሻል ዘይት ከግሪስ ጋር ተቦክቶ ነው የሚወጣው፣ ተልባ ያስመሰለውም እሱ ነው። ወደ ቀኝ የምትስበው የግራው የፍሬን ሸራ ዘይት ጠጥቶ አልይዝ ስላለ ነው፣ የቀኙ ብቻውን ይይዛልና ወደሱ ይወስድሃል። እና ጎሚስታው ወንድሜ ይሄ እንኳን "ንዳ ዝም ብለህ" የሚባልበት አይደለም። ሰው ጭነህ እንዳትወጣባት።

ጡረተኛው መካኒክ፣ ድሬዳዋ
ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆች ላብና ደም አይምታታባችሁ። ከጎማው ጀርባ ያለው ትልቅ የብረት ኳስ ላይ ስስ የግሪስ ቅባት ቢታይ ላብ ነው፣ ጎማ ስር ከተንጠባጠበ ደም ነው።

ባለሃርድቶፕ ልጄ ስማኝ። የመኪናህ የፊት አክስል (ሁለቱን የፊት ጎማ የሚያገናኘው ቤት) ድፍን ነው። ከዲፍረንሻሉ (ከማርሹ ቤት) ሴሚያሱ ማለት ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ይወጣና ያ እንደ ኳስ የተሞረደው ቤት ውስጥ ገብቶ በሲቪ ጆይንቱ፣ መሪ ሲዞርም በሚታጠፈው መገጣጠሚያ በኩል ጎማውን ያዞራል። ዲፍረንሻሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው፣ ኳሱ ቤት ውስጥ መኖር ያለበት ግን ግሪስ ነው፣ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። የምትለያያቸው አንዲት ትንሽ ሲል ናት፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ የተቀበረች፣ እሷን ለማየት ጎማው፣ ጎማው የሚታሰርበት ሃብ፣ ሃቡ የሚዞርበት ስፒንድል፣ ሴሚያሱም ሁሉም መውጣት አለበት። ከውጭ አትታይም።

ሁለተኛው ከኳሱ ጀርባ የምታየው ትልቁ ክብ ነው፣ ላስቲክና ሱፍ ተደርቦ በትንንሽ ቡሎን ዙሪያውን የታሰረ። እሱ ስራው ኳሱን መጥረግ ነው፣ መሪ ባዞርክ ቁጥር አቧራና ጭቃ ይጠርጋል፣ ግሪሱንም ይመልሳል። ዘይት አይዝም፣ ዘይት እንዲይዝም አልተሰራም። ሶስተኛው ከሃቡ ጀርባ ያለው ነው፣ የጎማውን ኩሽኔታ ግሪስ የሚጠብቅ፣ እሱም ሲበላሽ ወደ ዲስኩ ይረጫል።

አሁን አንተ በአንድ ሁለት ሰዓት ጨረሱ ካልክ ትንሿን አልነኳትም። ትልቁን ሱፍና ላስቲክ ብቻ ለውጠው ሸኝተውሃል፣ ሁለቴ። ቤት እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ባለሃርድቶፕ
ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ግን አንድ ነገር፣ ትልቁም ቢሆን ክብ ነው፣ ኳሱ ሳይፈታ በምን በኩል ነው የሚገባው?

ጡረተኛው መካኒክ
ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስትፈታው ታየዋለህ።

ሶስና፣ ኦሮራ ኮሎራዶ
ማክሰኞ ከቀኑ 10፡30

ሰላም፣ እኔ 80 ሲሪስ ነው ያለኝ የ1994፣ የፊት አክስሉ አሰራር ግን ያው ነው ኳሱም ሲሉም። አምና ክረምት ላይ ጋራዤ ውስጥ ራሴ ነው የሰራሁት፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጅቶብኛል። እዚህ የጉልበት ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ነው እንጂ ጀግና ሆኜ አይደለም።

ካየሁት ልንገርህ። አንደኛ የሃቡን ዳዶ የምትፈታበት 54 ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚሰካ መፍቻ) ሳትይዝ እንዳትጀምር። ሁለተኛ የፍሪዊሉን (የፊት ጎማውን ከሴሚያሱ ጋር የሚቆልፈውና የሚያላቅቀው) ዳዶዎች ስትፈታ ስራቸው ሾጣጣ ሮንዴላ አለች፣ እንደተጣበቀች ትቀራለች፣ ስትታገላት ትውላለህ። ቡሎኑን ጫፉን ወይም ቤቱን ዙሪያውን በነሐስ ዘንግ ቀብ ቀብ ስታደርገው ዘላ ትወጣለች፣ በብረት መዶሻ ቀጥታ ከመታህ ግን ጥርሱ ይበላሻል። ሶስተኛ ሴሚያሱን ስትስብ የሲቪ ጆይንቱ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርገህ ነው የምትስበው አለዚያ አይወጣም፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ስጎትት ዋልኩ። አራተኛ ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚይዘውን) ስታወርድ በሽቦ አንጠልጥለው በቱቦው እንዳይንጠለጠል። ፎቶ አንሳ እያንዳንዱን።

ናፍታ በጠዋት
ማክሰኞ ከምሽቱ 12፡50

ሶስና አንቺማ ጋራዥ ክፈቺ በቃ። እኔ የምጨምረው፣ ሲሏን መቀየር ግማሹ ነው፣ ለምን ተበላሸች የሚለው ነው ዋናው ነገር። ሲል በራሱ አርጅቶ ይደርቃል እሺ፣ ግን ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ ምክንያት አለው። መጀመሪያ የአክስሉን መተንፈሻ እይ። አክስሉ ቤት ላይ ከላይ በኩል እንደ ቆርኪ ያለች ትንሽ ክዳን አለች ወይም ቱቦ ተሰክቶበታል፣ እሷ በጭቃ ከተደፈነች ዲፍረንሻሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣል፣ ደካማው መውጫ ደሞ ሲል ነው፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ይገነፍላል። በተቃራኒው ሞቆ እያለ ወንዝ ውስጥ ስትገባ ቤቱ ባንዴ ይቀዘቅዝና አየሩ ይኮማተራል፣ በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል።

አሸዋ ወንዝ፣ ጂንካ
ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30

የውሃው ነገር እውነት ነው እኔ ላይ ደርሷል። ክረምት ላይ ሙሉ ቀን ነድቼ በሞቀ መኪና ወንዝ ተሻገርኩ፣ ከሳምንት በኋላ የዲፍረንሻሉን ዘይት ስከፍት ማኪያቶ ነው የወጣው። ቃሌን ነው ቀለሙ ከካፌ ማኪያቶ አይለይም። አሁን መተንፈሻው ላይ ረጅም ቱቦ አስገጥሜ እስከ ሞተር ክፍል ድረስ አወጣሁት ተገላገልኩ። ቱርሚ አካባቢ የምትሰራ ከሆነ ይሄን አድርገው ወንድሜ፣ ርካሽ ነው።

ሶማሌ ተራ
ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡15

ኪት (የሲሎቹን ስብስብ) ስትገዛ ከፍተህ ቁጠር። ኪት ብለው የሚሸጡልህ ውስጥ ትንሿ ሲል የሌለችበት አለ፣ ትልቁ ላስቲክና ሱፍ ጓርኒሲዮን ብቻ ሆኖ። እኔ ራሴ ሻጭ ነኝ የምነግርህ። ኩሽኔታ ደሞ ለብቻው ነው። ካርቶኑ ኦርጅናል ስለሚል ብቻ አትመን፣ ሲሉን አውጣና ከንፈሩን በጥፍርህ እጠፈው፣ ለስላሳ ሆኖ ቶሎ መመለስ አለበት፣ ከውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ዙሪያዋን እኩል መቀመጧን እይ። ሲያስፈልግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ

ናፍታ በጠዋት
ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡20

ሶማሌ ተራ ማስታወቂያ አይቻልም እዚህ ሃሃ። ምክሩ ግን ልክ ነው።

ጡረተኛው መካኒክ
ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡00

ናፍታ ያልከው ትክክል ነው፣ አንድ ልጨምርበት። ናክሉ፣ መሪ ስታዞር ኳሱን አቅፎ የሚዞረው ቤት፣ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታ ላይ ነው የሚዞረው። እነዛ ሲላሉ ናክሉ ይወላገዳል፣ ሴሚያሱ መሀሉን ይስታል፣ ሲሏ በአንድ ወገን ትጨመቃለች በሌላው ትከፈታለች። እንደዛ ሆኖ የፈለግከውን ኦርጅናል ብታስገባ አይቆይም። ከመፍታትህ በፊት ጎማውን በክሪክ አንሳውና ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተወዛወዘ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና ደግመህ ሞክር። ፍሬን ተረግጦ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ፍሬን ተረግጦም ከተወዛወዘ የናክሉ ነው። ክሪኩን ብቻ አምነህ ከስር እንዳትገባ ታዲያ፣ ማቆሚያ ብረት አድርግ፣ ድንጋይ አይሁን።

መሪዋ ቀጥ ስትል እንደ ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ ትቆማለች? በ70 በ80 ስትነዳስ ትንቀጠቀጣለች?

ባለሃርድቶፕ
ረቡዕ ከቀኑ 6፡20

ጋሼ በምን አወቁ? ትንቀጠቀጣለች፣ ጎማ ባላንስ ሶስቴ አሰርቻለሁ ለሱ። ፍሬን ተረግጦም ትወዛወዛለች አሁን ሞከርኩት። እንግዲህ እሁድ ሰፈር ካለ መካኒክ ልጅ ጋር ልንፈታት ነው፣ ልጁ ከዚህ በፊት ከፍቶ አያውቅም ግን እጁ ጥሩ ነው ትዕግስተኛ ነው። ጸልዩልኝ።

ባለሃርድቶፕ
ሰኞ ከምሽቱ 3፡00 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ቃል በገባሁት መሰረት ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ፣ ረጅም ነው።

ፍሪዊሉ በሶስና ዘዴ በሰላም ወጣ፣ ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች እንዳልሽው ቀብ ቀብ ስናደርግ እየዘለሉ ወጡ። ከዛ የሃቡ ዳዶ ጋ ስንደርስ አፈርኩ። 54 ቡሶላ አልነበራቸውም መሰለኝ በመሮ እየመቱ ነው ሲያዞሩት የኖሩት፣ ዳዶው ጠርዙ ሁሉ አይጥ የበላው ቂጣ መስሏል። ጥለነው ሌላ ገዛን።

ስፒንድሉ ሲላቀቅ ከስር ሳፋ አድርገን ነበር፣ ልጁ "ጋሼ ምን ሊፈስ ነው" ሲለኝ ሳይጨርስ ያ ተልባ ዝርግፍ አለ። የሳፋው ግማሽ ደረሰ። ኳሱ ቤት ውስጥ ግሪስ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉንም የዲፍረንሻሉ ዘይት አጥቦት ሄዷል። ሲቪ ጆይንቱ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ኳሶቹ አልተበሉም፣ መሪ ሙሉ ስጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮት ነበር።

አሁን ጋሼ "ስትፈታው ታየዋለህ" ያሉኝ። ትልቁ ላስቲክ በምላጭ ተሰንጥቆ ነው የገባው! አንድ ቦታ ላይ ቆርጠው ከፍተው ኳሱ ላይ ጠምጥመው ቡሎን አሰሩበት። ቁርጡ ደሞ ከታች በኩል ነው የሆነው፣ ዘይቱ በዛው ይንጠባጠብ ነበር። ሱፉም እንደዛው። ሁለቴ የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ትንሿ ሲል ጋ ስንደርስ እሷን የነካት ሰው ቢኖርም ከኔ በፊት በድርጅቱ ዘመን ነው። ግን እሷም ስትገባ በመዶሻ አንድ ወገኗን መትተዋት ተጣማ ነው የተቀመጠችው፣ ጠርዟ ላይ የመዶሻው ምልክት አለ። መተንፈሻዋ ደሞ ድርቅ ያለ ቀይ ጭቃ ነው፣ በሽቦ ወግተን ነው ያወጣነው። የናክሉ የታችኛው ኩሽኔታ ቤቱ ላይ ሮለሮቹ ጎድጓዳ ሰርተዋል፣ በጣት ስዳስሰው እንደ መሰላል ይቆጠራል። ጋሼ የመሪው ጉድጓድ ያሉት እሱ ነው ማለት ነው።

ኩሽኔታዎቹን ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ነው የቆየሁት። አሁን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ ሴሚያሱ ላይ ሲሏ የምታርፍበት ቦታ ዙሪያውን መስመር ተበልቷል፣ ጥፍር ይይዛል። ሴሚያስ ልግዛ ወይስ ቶርኖ ቤት ልውሰደው?

ናፍታ በጠዋት
ሰኞ ከምሽቱ 3፡30

በምላጭ!! ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ወይ ጉድ። እዛ መስመር ላይ አዲስ ሲል ካሳረፍክ ግን ደግሞ ያፈስብሃል፣ ዝም ብለህ እንዳትገጥመው።

ጡረተኛው መካኒክ
ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡20

አይዞህ ሴሚያስ አትግዛ፣ ቶርኖ ቤትም አትውሰደው፣ አስበይደው ሊያስሞርዱት ይሉሃል፣ ሙቀቱ ብረቱን ያበላሸዋል። አዲሷን ሲል ስትገጥም እስከ መጨረሻው አትቅበራት፣ አንድ ሁለት ሚሊ ቀርቷት ትቀመጥ። ያኔ ከንፈሯ ያልተበላው ቦታ ላይ ታርፋለች። መስመሩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክረህ ዙሪያውን አለስልሰው፣ በርዝመቱ አይሁን። ስታስገባት ከንፈሯን ግሪስ ቀባ፣ ስፕሪንጓ ያለበት ፊት ወደ ዲፍረንሻሉ ነው የሚዞረው ወደ ዘይቱ። በመዶሻ ቀጥታ እንዳትመታ፣ ልኳ የሆነ ቧንቧ ቁራጭ ፈልግና ዙሪያዋን እኩል ግፋት። ሴሚያሱን መልሰህ ስታስገባ ደሞ ክብደቱ ሲሏ ላይ እንዳይተኛ፣ አንድ ሰው ከፍ አድርጎ ይያዝልህ፣ ብዙ አዲስ ሲል የሚበላሸው በዚች ደቂቃ ነው።

ሶስና
ማክሰኞ ከቀኑ 11፡00

የናክሉን ኩሽኔታ ስትገጥም ሺም የሚባሉት ስስ ቆርቆሮዎች የላይና የታች እንዳይቀላቀሉብህ። ከዛ ጥብቀቱን በሚዛን ለካ፣ ሲል እና ሴሚያስ ከመግባታቸው በፊት። በሚንጠለጠል ሚዛን የመሪው ዘንግ የሚገባበትን ቀዳዳ ስበህ ናክሉ መዞር ሲጀምር ከ3 እስከ 5.5 ኪሎ ማንበብ አለበት። ካነሰ ሺም ትቀንሳለህ ከበዛ ትጨምራለህ። እኔ ሻንጣ የምመዝንበት ሚዛን ነበረኝ እሱን ተጠቀምኩ፣ አገር ቤት ስሄድ 23 ኪሎ እንዳያልፍ የማየው ነገር ሃሃ።

ጎሚስታው
ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡00

የፍሬን ሸራውንስ? ቤንዚን አርከፍክፈህ አቃጥለው ይደርቃል፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው

ናፍታ በጠዋት
ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡10

አይደረግም! ዘይት ከጠጣ ሸራው ውስጥ ድረስ ነው የገባው፣ ላዩ ሲቃጠል ደረቀ ይመስላል፣ ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ተመልሶ ያልበዋል። ሙጫውም ሊላቀቅ ይችላል። ጥሎ አዲስ መግዛት ነው፣ ያውም ሁለቱንም ጎን ግራና ቀኝ፣ አንዱን ብቻ ከቀየርክ አሁንም ትስባለች። ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ጥረገው።

ግሪሱን ደሞ አደራ፣ ኳሱ ቤት ውስጥ ጥቁሩ ሞሊ ያለበት ግሪስ ነው፣ ሶስት አራተኛ ያህል፣ ጢም አታድርገው መስፊያ ይፈልጋል። ለጎማው ኩሽኔታ ተራ የሊቲየም ግሪስ ይሁን። ለዲፍረንሻሉ ጣሳው ላይ ጂኤል 5 የሚል፣ ውፍረቱ 80 በ90 ወይም 85 በ90 የሆነ ዘይት፣ ሜዳ ላይ አቁመህ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር እስኪደርስ ብቻ። ብዙ ሰው "ትንሽ ልጨምርላት" ብሎ ያስተርፋል ያም በሲል በኩል ይፈሳል።

ባለሃርድቶፕ
እሁድ ከምሽቱ 12፡30

ጨረስን ወገን። ሚዛኑ ጋ ሳቅ ነበር፣ እዚህ ሻንጣ ሚዛን ከየት ይመጣል፣ ከጫሞ አሳ ከሚያመጣ ነጋዴ ጎረቤቴ ተዋስኩ። ናክሉ መጀመሪያ 2 ኪሎ ነው ያነበበው፣ አንድ ሺም ቀነስን፣ 4 ተኩል መጣ። ልጁ ደስ ሲለው! ጋራዡ ሁሉ ግን አሳ አሳ ሸተተ።

ትልቁን ላስቲክ ከመግጠማችን በፊት ኳሱን አየነው ዝገት ነካክቶታል፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፣ አለዚያ አዲሱን ይቆርጠዋል አለኝ ልጁ ራሱ፣ ማንም ሳይነግረው። ላስቲኩ ሳይሰነጠቅ ሙሉ ክብ ሆኖ ገባ። መተንፈሻውንም ቱቦ አስረዘምን። ከሰዓት በኋላ እስከ ኮንሶ ወጥቼ ተመለስኩ፣ 80 ላይ አትንቀጠቀጥም፣ ፍሬንም ቀጥ ብላ ነው የምትይዘው። ሶስቴ ጎማ ባላንስ ያሰራሁበት ገንዘብ ቆጨኝ።

ሶስና
ሰኞ ከጠዋቱ 12፡40

እንኳን ደስ አለህ! ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ የጎማውን ኩሽኔታ መላላት አለመላላቱን አንዴ ነካ አድርገው፣ አዲስ ሲገጠም ትንሽ ይቀመጣል።

ናፍታ በጠዋት
ሰኞ ከጠዋቱ 2፡15

አስፋልት ላይ ብቻ የምትውልበት ወር ካለ ፍሪዊሉን ቆልፈህ በወር አንዴ ቢያንስ 16 ኪሎሜትር ያህል በፎርዊል ንዳት፣ ቶዮታ ራሱ መጽሐፉ ላይ ይለዋል። ዝም ብሎ የቆመ ሴሚያስ ላይ ሲል ይደርቃል። አስፋልት ላይ ግን ፎርዊል አታስገባ፣ አፈር መንገድ ፈልግ።

75 ባለባሌስትራ
ረቡዕ ከቀኑ 8፡00

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ፣ የኔ የድሮዋ 75 ናት ፊቷ ባሌስትራ የሆነች፣ ስራው ያው ነው?

ጡረተኛው መካኒክ
ረቡዕ ከምሽቱ 1፡40

ውስጡ ያው ነው ልጄ። የውጩ ማሰሪያ ነው የሚለየው። ዕቃ ስትገዛ ግን በሻንሲ ቁጥር ግዛ፣ የ78ን ዝም ብለህ አትውሰድ።

ባለሃርድቶፕ
ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡50 (ከሁለት ወር ተኩል በኋላ)

ክረምቱን ሙሉ ሰርታለች፣ ኦሞራቴ ሁለቴ ተመላልሳለች፣ ግራው ድርቅ ያለ ነው። አሁን ግን ቀኙን ሳይ ኳሱ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁና ልቤ ድንግጥ አለ። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ቸርኬውም ንጹህ ነው።

ጡረተኛው መካኒክ
ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡05

አሽተትከው?

ባለሃርድቶፕ
ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡07

አሽትቼዋለሁ ጋሼ። ክብሪት አይሸትም።